ምንም አላበላሸንም

ወንድሟ ደረቱ ላይ የተሰካውን ማይክሮፎን ሳያጠፋ ነው ከመድረክ ወርዶ ወደ ኮሪደሩ የወጣው። እሷ ከአዳራሹ ኋላ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ጋ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ ለዕረፍት ዘግታዋለች፣ የቀጥታ ስርጭቱንም እንደዚሁ፤ ስለዚህ እሱ የሚናገረውን ከእሷ በቀር የሚሰማ አልነበረም። መጀመሪያ የጫማው ኮቴ፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ ሳቅ መጣላት። ሮጣ «ማይክህን አጥፋ» ልትለው ከወንበሯ ብድግ ብላም ነበር። «ከሰዓት በኋላ የእህቴ ንግግር አለ» አለ ወንድሟ ለሆነ ሰው፤ «ሁሉንም ነገር አስገብታዋለች። እሱን ከቀዳችሁ ሌላ ርክክብ አያስፈልጋችሁም።» ሌላው ሰው ስለ ሠራተኞቹ ጠየቀ፤ ረብሻ አይነሳም ወይ ዓይነት። «ሁለቱ ኮንትራት ናቸው፣ ኮንትራታቸው አይታደስም፣ አለቀ። እህቴን ደግሞ ለእናታችን ተዉአት። እሷ ቀስ አድርጋ ታለዝባታለች።» ከዚያ በር ተከፍቶ የአዳራሹ ጫጫታ ማዳመጫው ውስጥ ገባ። እሷም ተመልሳ ተቀመጠች።

ወንድሟ ከሁለት ሰዎች ጋር ነበር የገባው። አንደኛው ሰማያዊ ኮት ለብሷል፣ ሌላው ላፕቶፑን ደረቱ ላይ ያቀፈ መነጽራም ነው። ሁለቱም አንገታቸው ላይ የአንድ ሩቅ ከተማ ትንሽ ኮሌጅ ስም የተጻፈበት ባጅ አንጠልጥለዋል። ባጁን ያተመችው እሷ ራሷ ናት። ወንድሟ ስማቸውን ሰጥቷት፣ አዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው፣ ደህና ቦታ አስቀምጫቸው ብሏት ነበርና ፊት ወንበር ላይ ስማቸውን የለጠፈችውም እሷ ናት። በዚህ ጉባኤ ሻጭ አይገባም። ድሮ ይገባ ነበር፤ የኩባንያ ሰዎች እስክሪብቶና ቦርሳ እያደሉ ግማሹን ቀን በማስታወቂያ ይፈጁት ስለነበር፣ ሰዉ ተማርሮ በራፉን ዘጋባቸው። ወንድሟ ያንን በራፍ የከፈተው በእሷው እጅ፣ በእሷው ማተሚያ ነው።

ለማያውቀው ሰው ይሄ ጉባኤ ብዙም የሚያኮራ ነገር አይደለም። በዓመት አንዴ የየዩኒቨርሲቲውና የየኮሌጁ የድረ ገጽ ሠራተኞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ደረቅ ብስኩት ይበላሉ፣ ዋይፋዩን ይረግማሉ፣ ይማማራሉ። ዋናው ግን «ኑዛዜ» የሚሉት ልማዳቸው ነው። መድረክ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ፣ ስለ ሠራው ከማውራቱ በፊት፣ ዘንድሮ ያበላሸውን አንድ ነገር ለሰዉ መናገር አለበት። አንዱ ቡድን በውጤት ቀን የአምናውን ውጤት ለጥፎ የግቢውን ተማሪ ሁሉ ያስለቅሳል። ሌላው የፕሬዚዳንቱን ፎቶ እቀይራለሁ ብሎ ከእርሻ ፋኩልቲ የመጣ የፍየል ፎቶ ይሰቅልና ቅዳሜና እሁድን ረስቶት ይከርማል። ኑዛዜ እየተሰማ ይሳቃል፣ እየተሳቀ አንዱ ከሌላው ይማራል። በየመሥሪያ ቤታቸው ድረ ገጹ ሲሠራ ማንም የማያስታውሳቸው፣ ሲቆም ግን ሁሉም የሚጮህባቸው ሰዎች ናቸውና፣ ይህቺ አንድ ቀን ደረታቸውን ነፋ አድርገው የሚተነፍሱባት ናት። ጉባኤውን ለዓመታት ስታዘጋጅ የኖረችው እሷ ናት፤ ሁሉም «እትዬ ገጽ» እያሉ ይጠሯታል፣ እሷም ስሙን ወድዳዋለች።

ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተናደደች አልመሰላትም። ትዝ ያላት ደግሞ የምትሠራበት የዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ክፍልም፣ ኮንትራቱም አልነበረም፤ እሁድ እሁድ ነው ትዝ ያላት። ወንድሟ እሁድ እሁድ እናታቸው ቤት፣ ማለትም እሷ ከእናቷ ጋር የምትኖርበት ሁለት ክፍል ቤት እየመጣ፣ ፕላስቲክ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ንግግሯን አብሯት ሲያነብ ነበር። «እዚህ ጋ ምሳሌ ጨምሪበት» ይላታል። «የምዝገባ ቀን ሰርቨሩ እንዳይወድቅ የምታደርጉትንም ጻፊው። ምንም እንዳታስቀሪ።» ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠራችውን ነገር ቁጭ ብሎ አይቶላት አያውቅም። ኃላፊ ሆኖ ከላይዋ ሲሾም እንኳ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ያስረዳችው እሷ ሆና ሳለ፣ አንድ ቀን ደግ ቃል አልወጣውም። በእነዚያ እሁዶች ግን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ «ጎበዝ» ይላል። ኮራብኝ ብላ ነበር። በዚያ ደስታ ነው ስላይዱን ስታወፍረው የከረመችው።

ከዚያ የዛሬ ጠዋቱ መጣባት። ከእንቅልፏ ስትነሳ እናቷ ቀድማት ተነስታ፣ ካውያውን ሰክታ፣ ነጩን ሸሚዟን እየተኮሰችላት ነበር። ለወትሮው የራስሽን ልብስ ራስሽ ተኩሺ የምትል ሴት ናት። ሬዲዮኑ ዝቅ ብሎ ያወራል፣ ክፍሉ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ሸቷል፣ እናቷ አንገቷን ደፍታ ኮሌታውን ደጋግማ ትተኩሳለች። ያቺ ሥራሽ ሌላ ቦታ አትገኝም ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ እንዲሁ ነው፣ ዓይንሽ ሲደክም አያለሁ ብዬ ነው አለች። ሸሚዙን አጥፋ ስትሰጣት ደግሞ ወንድምሽ የሚልሽን እሺ በይው፣ ታላቅሽ አይደል አለቻት። የመድረኩ ነገር አስፈርቷት ነው ብላ ስቃ ወጣች። አሁን እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ነገር አብራ ታስባለች። ወንድሟ ለእናታቸው ነግሯታል ወይስ ገና ሊነግራት ነው? ገና ሊነግራት እንዲሆን ፈለገች። ሥራውን ቢወስዱት ይውሰዱት፤ ብቻ ያ ሸሚዝ ዝም ብሎ የተተኮሰ ሸሚዝ ይሁንላት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰዉ ወደ ካፌው ጎረፈ። ሻይ እንደገና ጨምሯል፣ ሳምቡሳው ደግሞ አንሷል፤ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ባለቀለሙ፣ ማለትም የቡድኗ ዲዛይነር፣ ትሪውን ይዞ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል። ኃላፊው፣ ያው ወንድሟ፣ ኮንትራትህ አያሳስብህ ስላለው ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቷል፤ የልጁን አልጋ የቱ ግድግዳ ጋ እንደሚያደርገው በሹካው ጠረጴዛው ላይ እየሳለ አሳያት። እሷ በመስኮቱ በኩል አልጋው ብርድ እንዳይመታው ብቻ አለችው። ያን ጊዜ ብቸኛዋ መጣች። ብቸኛዋ የሚሏት ከዚያ ሩቅ ኮሌጅ የምትመጣውን ሴት ነው፤ የኮሌጁ ድረ ገጽ ቡድን እሷው ብቻ ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ገና መግባቷ ነበር፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ቦርሳዋንም ገና አላወረደችም። ንግግሩ አላመለጠኝም አይደል ነው የመጀመሪያ ጥያቄዋ። የመጣችው ለሱ ብቻ ነው፤ የምዝገባ ቀን በደረሰ ቁጥር ድረ ገጿ እየወደቀ ዲኗ የሚጮህባት እሷ ላይ ነው። እትዬ ገጽ አላመለጠሽም አለቻት፤ ባጇንም ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አሞኛል ብላ ለመሄድ አስባ ነበር። ስላይዱን አጥፍታ፣ ላፕቶፑ ተበላሸ ብላ፣ በጓሮ በር ወጥታ ታክሲ መያዝ። ግን ብቸኛዋ ማስታወሻዋን ከፍታ፣ እስክሪብቶዋን ሞክራ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ስትል አየቻት፤ ከፊቷ ደግሞ ሰማያዊ ኮት የለበሰው ሰው ስልኩን ቀና አድርጎ ለመቅዳት አዘጋጅቷል። ለአንዷ ስትል ብትናገር ለሌላው መናገሯ ነው። ለሌላው ስትል ዝም ብትል አንዷን መካዷ ነው። ወንድሟ በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ተዘጋጅተሻል አይደል፣ ምንም እንዳታስቀሪ አላት። እጁ ሞቃት ነበር። ያንን እጅ ስትጠላው ደነገጠች፤ ወንድሟን ጠልታ አታውቅም።

መድረክ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በእሷ ቦታ መቆጣጠሪያው ጋ የተቀመጠውን ባለቀለሙን ቀጥታ ስርጭቱንም ቅጂውንም እንዲያጠፋ መጠየቅ ነው። ግራ ገብቶት ወደ ኃላፊው አየ፤ ኃላፊው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። እሷ ደግማ «አጥፋልኝ» አለችው። አጠፋው። ሰዉ ትንሽ ተንሾካሾከ። ከዚያ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ እንደ ልማዳችን በኑዛዜ እንጀምር፣ ግን ዘንድሮ አዲስ እንግዶች አሉንና ቅድሚያ ለእንግዳ ይሰጥ አለች። እጇን ወደ ፊት ወንበር ዘረጋች። ልማዱን የሚያውቅ ሁሉ አጨበጨበ፤ አዲስ ሰው ሲናዘዝ መስማት የጉባኤው ትልቁ ጨዋታ ነውና።

ሰማያዊ ኮት የለበሰው ሰው ምን እንደተጠየቀ አልገባውም ነበር። ጎኑ ያለው መነጽራም ጆሮው ጋ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አለው፤ ወንድሟ ደግሞ ከዳር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ሰውዬው ኮቱን ቆልፎ ተነሳ፣ ፈገግ አለ፣ ዞሮ ሰዉን ሁሉ አየ።

«እኛ እንኳን ፈጣሪ ይመስገን፣ ዘንድሮ ምንም አላበላሸንም። የምንሠራው ጥራት ያለው ሥራ ነው» አለ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጎኑ ያለው፣ ቀጥሎ ሁሉም። ሰውዬው ቀልዱ የት ጋ እንዳለ ስላላወቀ አብሮ ሳቀ። ከቶ ምን ያርግ? የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሳምንት የሠራ ሰው ያንን ዓረፍተ ነገር አይናገራትም። አፉ አይታዘዝለትም። የዲፓርትመንት ስም አሳስቶ የማያውቅ፣ ዋናውን ገጽ በቁሙ አጥፍቶ በላብ ያልተጠመቀ፣ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ሙያ ገና አልተወለደም። ሳቁ ቀስ እያለ ሲከስም ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ፤ ይሄ ሰውዬ ማን ነው የሚል መተያየት ነው። ብቸኛዋ ከሁለተኛው ረድፍ ተነስታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ የሰውዬውን ባጅ አነበበች።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ» አለች፤ «የዚህ ኮሌጅ ድረ ገጽ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ሌላ ሰው ከቀጠሩማ ደስታዬ ነበር።»

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። እትዬ ገጽ የራሷን ኑዛዜ ቀጠለች፤ አትሮኖሱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ዘንድሮ ያበላሸነው አለች፣ የቤታችንን ጓዳ ሁሉ ጽፈን፣ ለምን እንደተፈለገ ሳንጠይቅ ማስረከባችን ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ሥራችንን ሊረከቡ የመጡ የኩባንያ ሰዎች ናቸው፣ ባጃቸውን ያተምኩት እኔ ነኝ፣ ያስገባቸው ኃላፊያችን ነው። ወንድሜ አላለችም። ማለት አያስፈልግም ነበር፣ የማያውቅ የለም። ባለቀለሙ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ኋላ ቆሞ ቀረ። በሹካው ጠረጴዛ ላይ የሳለው አልጋ ዓይኗ ላይ መጣባት፤ እንዲህ በሰው መሀል ከእሷ አፍ መስማቱ አንጀቷን በላው። ሁለቱ ሰዎች ተነሱ። የሰደባቸው አልነበረም፤ መንገድ ብቻ ለቀቁላቸው። ሰማያዊ ኮት የለበሰው ባጁን አውልቆ በራፉ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ እንዲያው ለወጉ ያህል ይመስላል። በሩ ሲዘጋ እሷ ስላይዷን ከመጀመሪያው ከፈተችና ሁሉንም ተናገረች፤ የምዝገባውን ቀን፣ ሰርቨሩን፣ የሚወድቅበትን ምክንያት፣ ማንን በስልክ መቀስቀስ እንዳለባቸው። ምንም አላስቀረችም። ብቸኛዋ ቀና ሳትል ጻፈች። «እዚህ ጋ ምሳሌ ጨምሪበት» የተባለችበት ገጽ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆም ብላ ውሃ ጠጣችና ቀጠለች።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ግድግዳው ላይ የድሮ ፕሬዚዳንቶች ፎቶ ተደርድሯል፣ አንዱ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከእነሱ በቀር ሰው የለም። በሥራ ቦታ በሰው ፊት ሲሆን «እርስዎ» ትለዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ወንድም ጋሼ ነው። እሱ አዋረድሽኝ አለ፤ ቀስ ብሎ ነው፣ አልጮኸም። ደግሞም ለምንም አይጠቅምሽም፣ ከኩባንያው ጋር ውሉ ባለፈው ወር ተፈርሟል፣ እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይፈርመው ነበር፣ ለአንቺ ቦታ እንዲሰጡሽ ለምኜልሽ ነበር አለ። ለባለቀለሙስ ለምነሃል ወይ ብላ ልትጠይቀው ነበር፤ መልሱን ስለምታውቀው ተወችው።

«ንግግሬን አብረውኝ ሲያነቡ የኮሩብኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«እርስዎ»ውን ሲሰማ ማንም መኖር አለመኖሩን ለማየት ኮሪደሩን ዞር ብሎ አየ። ማንም አልነበረም። ለእማዬ ነግረዋታል ወይ የሚለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ፈራች። ቦርሳዋን አነሳችና ሄደች።

ታክሲው ውስጥ ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስታወራላት እሺ እሺ እያለች፣ እናቷን ስትደርስ ምን እንደምትላት አቀናበረች። ነገሩን እኔው ቀድሜ እነግራታለሁ፤ ትደነግጣለች፤ ያን ልጅ ምን ነካው ትላለች፤ አብረን እንናደዳለን። እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል በራፋቸው ደረሰች። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮኑ ጠፍቷል። ይሄ ጥሩ ምልክት አልነበረም፤ እናቷ ሬዲዮኑን የምታጠፋው ስልክ ስታናግር ብቻ ነው። ፕላስቲክ የለበሰው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች። ቀና ብላ አላየቻትም። ምሳ በልተሻል ወይ አለቻት።

«እማዬ፣ ነግሮሽ ነበር?»

እናቷ አንድ ፎጣ አጠፈች። ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ልጅ የቤት ሥራውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ይሰማል።

«ነግሮኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«መቼ?»

«ያንን የምታነቡትን ነገር ከመጀመራችሁ በፊት።»

ስለዚህ እነዚያ ሁሉ እሁዶች፣ እሷ በደስታ ስትጽፍ፣ ወንድሟ «ጎበዝ» ሲላት፣ እናቷ ከምድጃው ጋ ቆማ ሻይ ስትቀዳላቸው፣ ከሦስቱ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከወንድሟ ይልቅ ይሄ ነው የጎዳት። ወንድሟ ከፍ ያለ ወንበር አለው፣ የሚፈራው አለቃ አለው፣ ይገባታል። እናቷ ግን ሻዩን ቀድታ ስኳሩን ራሷ እያማሰለች ስትሰጣት ዓይኗን አይታታለች። ምነው አልነገርሽኝም አለቻት። እናቷ እጇን ፎጣው ላይ አሳርፋ፣ የምትለውን ከረጅም ጊዜ በፊት ያዘጋጀች ሰው ይመስል፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ እሱ ቤተሰብ አለው። ከወንበሩ ቢነሳ ልጆቹ ምን ይሆናሉ? አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ የትም ብትሄጂ አታጪም።»

እሷ ክፍሉን አየችው። ሁለት አልጋ አለ። በሩ ሥር ሁለት ነጠላ ጫማ አለ፣ መስኮቱ ላይ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ያስቀመጠችው የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ አጠገቡ ውሃው በብርጭቆ። እናቷ መድኃኒቱን ውጣዋለች፣ ውሃውን ግን አጋምሳዋለች። ማን ጋ ነው ብቻዬን የኖርኩት ልትላት ፈለገች። እናቷ የተናገረችው በክፋት አልነበረም፤ በእርግጥም እንደዚያ ነው የምታስበው።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። «ወንድም ጋሼ» ይላል። እናቷ ስልኩንም እሷንም አየች፣ አንሺለት በይ፣ ይቅር ተባባሉ፣ ለኔ ስትይ አለቻት። እሷ ስልኩን በጣቷ ገፋ አድርጋ በታጠፉት ፎጣዎች መሀል እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«አንቺ አናግሪው፣ እማዬ። ከኔ በፊትም ያነጋገረው አንቺን ነው።»

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ጸጥ አለ። እናቷ እጇን አልዘረጋችም። እሷ ነጩን ሸሚዝ አወለቀች፣ ጠዋት ተኩሳ በሰጠቻት መልክ ኮሌታውን አስተካክላ አጠፈችውና እናቷ አልጋ ላይ አስቀመጠችው።